ሦስት ገጽ ቡና

«ቪጋን ነሽ?» አለችኝ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት፣ ሳህኔን አየት አድርጋ።

ሳህኔ ላይ ምስር፣ ቅጠላ ቅጠልና ዳቦ ብቻ ነበር። ፍልሰታ ገብቷል። ስለ ፍልሰታ ማስረዳት ብጀምር እራቱ ያልቃል፣ ሻዩም ይቀዘቅዛል። «ለጊዜው» አልኳት። እሷም ልብ ወለድ ጸሐፊ ናትና ቃሌን ይዛ ቀረች። በማግስቱ ለሌላ ሰው ስታስተዋውቀኝ «ይቺ ለጊዜው ቪጋን ናት» ስትል ሰማኋት። ስሜ ያልያዘላቸው ሰዎች እስከ መጨረሻው ቀን የሚያውቁኝ በዚህ ነበር።

ቦታው ቨርሞንት ነው፣ አሜሪካ። ሪፕተን የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ውስጥ፣ ተራራ ላይ። ብሬድ ሎፍ የሚባለው የጸሐፊዎች ኮንፈረንስ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ እዚያ ይካሄዳል። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ተሰብስቦ አሥር ቀን ያህል አብሮ ይበላል፣ አብሮ ያድራል፣ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ያነባል። የተጀመረው በ1926 ነው፤ እኔ የሄድኩት በ2019። ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር።

ስሙን ወደ አማርኛ ልመልሰው ብዬ «ሙልሙል» ከማለት ሌላ አላገኘሁም። ተራራው ከሩቅ ሲያዩት የተጋገረ ዳቦ ይመስላል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። እኔ ደግሞ የደረስኩት ቡሄ ሊሆን አምስት ቀን ሲቀረው ነው። እንዲህ ዓይነት ግጥምጥሞሽ ልብ ወለድ ውስጥ ባስገባው «ይቺማ ተፈጥራለች» ብለው ይሰርዙብኝ ነበር።

ማመልከቻውን ያስገባሁት ለማንም ሳልናገር ነው። አንድ አጭር ልብ ወለድ ላክሁ፣ ረሳሁት፣ ከወራት በኋላ ተቀብለንሻል የሚል ኢሜይል መጣ። ከዚያ ወዲያ መናገር ግድ ሆነ፤ ፈረቃ የሚቀይረኝ ሰው ያስፈልጋላ። የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ ሆስፒታል ነው፣ የሌሊት። አብራኝ የምትሠራው ያገሬ ልጅ ዋጋውን ስትሰማ ቁጭ አለች።

«ከሦስት ሺህ ዶላር በላይ? ለመጻፍ? ለመጻፍም ትምህርት ቤት ይኬዳል እንዴ?»

«ከፊሉን ይሸፍኑልኛል» አልኳት።

«ቢሆንም! በዚህ ብር እኮ አገር ቤት ደርሰሽ ትመለሺ ነበር።»

እውነቷን ነው። በዚያ ብር ሌላም የሚሠራ ነገር ነበር። እሱን ኋላ እመጣበታለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ያህል ነዳሁ። ከሚድልበሪ ከተማ ወዲያ መንገዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጫካው ይጠብቃል፣ የስልኬ ኔትወርክም አንድ በአንድ እየጠፋ ሄዶ ዜሮ ሆነ። ከዚያ ጫካው በድንገት ይከፈትና ሰፊ መስክ ላይ ቢጫ ቀለም የተቀቡ ትልልቅ የእንጨት ቤቶች ይታያሉ። ከመንገዱ ማዶ ሣሩ ላይ የእንጨት ወንበሮች ተራራውን ፊት ለፊት እያዩ ተደርድረዋል። መጀመሪያ ያሰብኩት፣ እውነቱን ልናገር፣ «እዚህ ተቀምጦ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ውሸት ነው የሚሆነው» የሚል ነበር። በጣም ያምራል። እኔ የለመድኩት ሆስፒታል ውስጥ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ የታካሚ ደወል እየጠበቁ በስልክ ላይ መጻፍ ነው።

ቦታውን ያቆየው ጆሴፍ ባቴል የሚባል ሀብታም ነው። ደግ ሰው ነው፣ ግን ትንሽ ለየት ያለ። ሌላው ሀብታም ሥዕል ሲገዛ እሱ ተራራ ይገዛ ነበር። መኪና አጥብቆ ይጠላል። የራሱ ጋዜጣ ስለነበረው መኪና ያደረሰውን አደጋ እየለቃቀመ ያትም ነበር። በ1915 ሲሞት መሬቱን ለሚድልበሪ ኮሌጅ አወረሰ። ኮሌጁም ውሎ አድሮ ጸሐፊዎች ሰበሰበበት። ገጣሚው ሮበርት ፍሮስትም ለብዙ ዓመታት እየመጣ አስተምሯል። በ1939 እዚያው ሪፕተን የእርሻ ቦታ ገዝቶ፣ እስኪሞት ድረስ ክረምት ክረምት ከእንጨት ጎጆው ይቀመጥ ነበር። ጎጆዋ አሁንም አለች። በእግሬ ሄጄ አየኋት፤ የእኛ አገር የጥበቃ ቤት ታክላለች ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ሌላ የወደድኩት ታሪክ አለ። ለብዙ አሥርት ዓመታት የነፃ ዕድል ያገኙ ወጣት ጸሐፊዎች በምግብ አዳራሹ አስተናጋጅ ሆነው ይሠሩ ነበር። ቀን ግጥማቸው ይተቻል፣ ማታ ሾርባ ያድላሉ። በኋላ ስማቸው የገነነ ሰዎች ከነሱ መሐል ወጥተዋል። ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ አባቴ ነው።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የቆሎ ተማሪ ነበር። ዘመናዊ ትምህርት ገብቶ መምህር ከመሆኑ በፊት ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት ጥቂት ዓመታት ተቀምጧል። ማታ ማታ ስለዚያ ያወራልናል። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን። ውሻ ያባረረው ቦታ ሁሉ በስም በስሙ ይታወቃል። እሱ ስለ ውሻው ሲያወራ እናቴ ከማድ ቤት ሆና ትመልሳለች፦ «ውሻውማ ቅኔህን ሰምቶ ነው!» እኛ እንስቃለን። አባባ አይስቅም። ይጠብቃትና ይቀጥላል።

የነገረን አሠራር ይህ ነው። ተማሪው መምህሩ ደጅ ጎጆ ቀልሶ ይኖራል። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፣ ተማሪው ይሰማል፣ ምሥጢሩን ይፈታል። ከዚያ እያንዳንዱ በየፊናው ይበተናል፤ አንዱ ዛፍ ሥር፣ አንዱ መቃብር ቤት፣ ነጠላውን ተከናንቦ ቅኔ ይቆጥራል። የሚጀመረው ከጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ። ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጃል። የቆጠረውን ይዞ ይመጣና መምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል። መምህሩ ያርማሉ። «ሲያርሙ ዝም ነው» ይል ነበር አባቴ። «አፍህን ከከፈትክ የሚገባበት ጆሮህ ይዘጋል።»

እንግዲህ አሜሪካኖቹ ወርክሾፕ የሚሉት ነገር፣ በ1936 አይዋ ዩኒቨርሲቲ ተመሥርቶ ወደየቦታው የተሰራጨው፣ ዋና ሕጉ ምን መሰላችሁ? ጽሑፍህ ሲተች ዝም ነው። አሥር ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ የአንዱን ጽሑፍ ሁሉም አስቀድሞ አንብቧል፣ ጠርዙ ላይ አስተያየት ጽፏል፣ ባለቤቱ ግን እስከ መጨረሻው አይናገርም። በቅርብ ዓመታት ይህን ሕግ ብዙዎች ተቃውመውታል፤ በተለይ ከሌላ ባህል የመጣን ጸሐፊ አፉን ዘግቶ «አልገባንም» እያሉት እንዲቀመጥ ማድረግ ግፍ ነው ብለው። ልክ ናቸው። እኔ ግን አባቴን ይዤ ስለገባሁ ብዙም አልደነገጥኩም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ቅኔ ቤት አንድ መምህር ያርማል፣ ቋንቋውንም ምሥጢሩንም ያውቃል። እዚህ ዘጠኝ ሰው ያርማል፣ ዘጠኙም ደብረ ማርቆስን በካርታ አያገኘውም። ደግሞ ቅኔ አንዴ ከተነገረ አይደገምም። ነገ ሌላ ትቆጥራለህ። እዚህ ግን ያንኑ አንዱን ታሪክ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ትመለስበታለህ። አባቴ ቢያየኝ «አድሮ ቃሪያ» ይለኝ ነበር።

ከራሴ ይልቅ ከሌሎች ጽሑፍ መማሬን መናገር አለብኝ። የመጀመሪያው ቀን የአንድ ወጣት ታሪክ ነበር። ሰውየው ይነቃል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ቡና ያፈላል፣ መስኮት ያያል። አስተማሪያችን ተከራክራ አልደከመችም። «ከስድስተኛው ገጽ ጀምሪና አንብቢልን» አለች አንዷን። ስድስተኛው ገጽ ላይ ሰውየው የወንድሙን በር ያንኳኳል። አነበበች። ማንም ምንም አልጎደለውም። ልጁ ጆሮው ቀላ። እኔ ያን ማታ የጻፍኳቸውን ታሪኮች ሁሉ ከላፕቶፔ አውጥቼ የመጀመሪያ አንቀጻቸውን አየሁ። ከሰባቱ አምስቱ በዝናብ ይጀምራሉ።

የኔ ተራ የደረሰው ሰኞ ዕለት ነው፤ ነሐሴ 13፣ የቡሄ ዕለት። ቁርስ ላይ ለጠረጴዛዬ ሰዎች ተረኩላቸው። ልጆች በየቤቱ እየጨፈሩ እንደሚዞሩ፣ ሙልሙል እንደሚሰጣቸው፣ ማታ ችቦ እንደሚበራ። «እና ዛሬ የዳቦ ቀን ነው፣ እኛ ደግሞ የዳቦ ተራራ ላይ ነን» ስል ደስ አላቸው። አንዱ ተነሥቶ ዳቦ አምጥቶ ሰጠኝ። እናቴ ያን ሁሉ ሙልሙል ስትጋግር ታደርግ የነበረውን ግን አልነገርኳቸውም። ልጅ ሁሉ በጭፈራው ትመዝን ነበር። «አንተ ግጥሙን አላወቅከውም፣ ግማሽ ነው የምታገኘው» ትላለች። በሩ ላይ ቆማ ትከራከራለች፣ ኋላ ግን ሁለት ትሰጠዋለች።

ታሪኬ አሥራ ስምንት ገጽ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ሴት አለች፤ ሥራ ልትሄድ ስትል በማለዳ በሯ ይንኳኳል። ስትከፍት የሰፈሯ የሐበሻ ሽማግሌዎችና የዕድሯ ሰዎች ቆመዋል። ሳይናገሩ ገባት። መርዶ ነው፣ እናቷ። ወረቀቷ አላለቀምና ለቀብር መሄድ አትችልም። መሐል ላይ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከአገር የወጣች ዕለት እናትየዋ ቡና ስታፈላላት። ቄጤማው፣ ዕጣኑ፣ የቡናው አቆላል፣ ጭሱን ወደ ፊት የሚያደርሰው የእናት እጅ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስት ገጽ።

ይህ ታሪክ የማን እንደሆነ መቼም ገብቷችኋል።

ሰዎቹ ቡናውን ወደዱት። አንዷ «ሸተተኝ» አለች። አንዱ «በረካ ማለት በረከት ነው እንዴ? እንዴት ያለ ስም ነው!» አለ። ሌላዋ ከዚያ ክፍል ጮክ ብላ አነበበች። ዝም ብዬ ተቀምጬ አንገቴ ሲሞቀኝ ይታወቀኛል። እኔ የተዘጋጀሁት ለሌላ ነበር። ዕድር ምንድን ነው? መርዶ ለምን በማለዳ ይነገራል? በስልክ ለምን አይነገራትም? ለዚህ ሁሉ መልስ በጭንቅላቴ ደርድሬያለሁ። ማንም አልጠየቀም። ሁሉም ገብቷቸዋል። ይህ ራሱ አንድ ትምህርት ነው። ለስንት ዓመት «ፈረንጅ አይገባውም» እያልኩ ያብራራሁት ነገር ሁሉ ከንቱ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ እጁን አነሣ። ዕድሜውን ሙሉ ፖስታ ሲያድል ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እስከዚያ ቀን ሦስት ጊዜ ቢናገር ነው። ወረቀቱን አገላበጠና፦

«እኔ አንድ ነገር አልገባኝም። እናትየዋ ሦስት ገጽ ሙሉ ቡና ታፈላለች። አንድ ቃል አትናገርም። ተጣልተው ነው?»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። አንዷ ልትከላከልልኝ ሞከረች። «እኔ እንደሚመስለኝ ዝምታው የባህሉ ክብር ነው» አለች። ሌላውም አከለ፤ ዝምታዋ እንዴት ግርማ እንዳለው፣ በቃል የማይነገር ፍቅር እንደሆነ። እነሱ ሲያምኑት እኔ አፈርኩ። ምክንያቱም እናቴ ዝም ብላ አታውቅም። ቡና ስታፈላ ጭራሽ አይሆንላትም። ጎረቤት ታማለች፣ ጎረቤቱም ተቀምጦ ይሰማል። ቡናውን እየቆላች አባቴን ትነዘንዘዋለች። ዕጣን እያጨሰች የሽንኩርት ዋጋ ትቆጥራለች። ያቺን ሴት ነው አፏን ዘግቼ ነጭ ነጠላ አልብሼ ያስቀመጥኳት። ያቺ የጻፍኳት እናት የኔ አይደለችም። ከፖስት ካርድ ላይ ያነሣኋት ናት፤ የፈረንጅ አንባቢ የሚወዳት፣ ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ ጭስ መሐል የተቀመጠች።

«ተጣልተው ነው?» ያለው ግን ከዚህም በላይ ገባብኝ። ተጣልተን ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሞቷ ሦስት ሳምንት በፊት ደወለችልኝ። ክረምት ነበር። የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ያፈሳል፣ ይቀየር አለች። እኔ ያን ወር ለጠበቃ ከፍዬ ኪሴ ባዶ ነው። ግን እሱን አልነገርኳትም፤ ኩራት ይሁን ሌላ እንጃ። ያልኳት ሌላ ነው። «እማዬ፣ ብቻሽን ለምታበስይበት ማድ ቤት ምን ያደርግልሻል? ጋዝ ምድጃ አስገቢና ቤት ውስጥ አብስይ።» ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ይተዉት እመቤቴ፣ አንቱ አይቸገሩ። ዝናቡ ራሱ ያበስልልኛል።» ስልኩን ለእህቴ ሰጠቻት። ከዚያ ወዲህ አላወራንም።

ይህን ታሪክ ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ ይህ ስልክ ነው መጀመሪያ የመጣብኝ። ቡናው የመጣው እሱን ለመሸፈን ነው። ዕጣኑም ለዚያው። ሦስት ገጽ ጭስ ያስፈለገኝ ጀርባው ያለው እንዳይታይ ነው። ለማድ ቤት ቆርቆሮ የነፈግኩት እኔው፣ ዓመታት አልፈው፣ ስለ እሷ የጻፍኩትን ለማሳመር ከዚያ በላይ ከፍዬ ተራራ ላይ ወጥቻለሁ። ይህ ሐሳብ ሲመጣብኝ ክፍሉ ውስጥ ነኝ፣ ዝም ማለት አለብኝ። ለአንድ አፍታ ሕጉን አመሰገንኩት።

መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለሽ?» አለችኝ አስተማሪያችን። «የለኝም» አልኩ። ፖስተኛው ከክፍል ስንወጣ ተከተለኝ። «አስቀይሜሽ ከሆነ ይቅርታ፣ እኔ ስለ አገርሽ አላውቅም» አለኝ። ስለ እናቴ ግን ከዘጠኙ ሁሉ የሚያውቀው እሱ ሆነ። ይህን አልነገርኩትም። «ልክ ነህ፣ ተጣልተው ነው» ብቻ አልኩት።

ያን ማታ ንባብ ነበር። በየቀኑ ንባብ አለ፤ ከሰዓት፣ ማታ፣ ከማታም በኋላ። ትንሽዋ ቲያትር ቤት ውስጥ ስመ ጥሮቹ ያነባሉ፣ ተሳታፊዎች ደግሞ በሌላ ክፍል እየተፈራረቁ። ስለ ንባቡ ብዙ የምለው የለኝም፤ ከአራተኛው ቀን በኋላ ጆሮ ይሞላል። ስለ ኤጀንቶቹም፣ ጸሐፊን ከአሳታሚ ስለሚያገናኙት ሰዎች፣ ባጭሩ ልለፈው። ከአንዷ ጋር ጥቂት ደቂቃ ተቀመጥኩ። ረጅም ልብ ወለድ እንዳለኝ ጠየቀችኝ፣ የለኝም አልኳት፣ ሲኖርሽ ጻፊልኝ አለችኝ። ሌላው ሰው ከዚያ ቀጠሮ በፊት ምግብ አልበላ ብሎት ነበር። እኔ ፍልሰታ ላይ ስለሆንኩ ልዩነቱን አላወቅኩትም።

ንባቡን ትቼ መስኩ ላይ ወጣሁ። ጨለማው የገጠር ጨለማ ነው፣ ኮከቡ ይወርድብሻል። ችቦ የለም፣ ጅራፍ የሚያጮህ ልጅ የለም። ከዚያ ተመልሼ ላፕቶፔን ከፈትኩና ቡናውን ሰረዝኩ። ሦስቱንም ገጽ። እውነቱን ለመናገር ሌላ ፋይል ላይ ቀድቼ ነው የሰረዝኩት፤ ያን ያህል ጀግና አይደለሁም። በቦታው ስልኩን ልጽፍ ጀመርኩ።

በእንግሊዝኛ አልሄድ አለኝ። እናቴ በእንግሊዝኛ ስትነጫነጭ ሰው አትመስልም። ከተሰጠኝ የጠርዝ አስተያየት አንዱ «ንግግሮችሽ የተተረጎሙ ይመስላሉ» ይላል። ሳነበው ተናድጄ ነበር። አሁን ሳየው የተተረጎሙ ቢሆኑ በማን ዕድላችን። ከምንም አልተተረጎሙም፣ ቀጥታ በእንግሊዝኛ የተፈጠሩ የማንም ያልሆኑ ንግግሮች ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ በአማርኛ ጻፍኩት። ከእናቴ አፍ እንደወጣ፣ ከነዱላው። በአንድ ሰዓት አለቀ።

ከዚያ ነው ችግሩ የመጣው። «አንቱ።» እናት ልጇን አንቱ ስትል ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፣ ከጥፊ ይብሳል። እንግሊዝኛ ግን አንተም አንቺም አንቱም አንድ ነው። «ማዳም» ብዬ ሞከርኩ፤ እናቴ የሆቴል አስተናጋጅ ሆነች። «ልዕልት» አልኩ፤ ጭራሽ የምታቆላምጠኝ መሰለ። በሙሉ ስሜ አስጠራኋት፤ ይሄ ደግሞ የአሜሪካ ፊልም ላይ ያለች እናት ናት። ሁለት ቀን በአንዲት ተውላጠ ስም ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ሁለት ቤት ለመቁጠር ሌሊቱን ሙሉ ዛፍ ሥር ሲያድር የነበረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ከሰዓት በኋላ ከነዚያ ተራራ ከሚያዩ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀምጬ እየተነጫነጭኩ ሳለ አንዲት ገጣሚ መጣች። ወላጆቿ ኮሪያውያን ናቸው። ጉዳዩን ስነግራት ገና ሳልጨርስ ሳቀች። እነሱም አላቸው፤ አያቷ ስትቆጣ ለልጅ ልጆቿ የአክብሮት ቋንቋ ታወጣለች፣ ቤቱ በሙሉ ይበረግጋል። «እኔ ቃሉን አልፈልገውም» አለችኝ። «አያቴ ያንን ስትናገር በእጇ ምን ታደርጋለች የሚለውን ነው የምፈልገው። እናትሽ ከዚያ በኋላ ምን አደረገች?»

ስልኩን ለእህቴ ሰጠቻት።

እንግሊዝኛው ላይ እንግዲህ እንዲህ ሆነ። እናትየዋ ስለ ዝናቡ ትናገራለች፣ አንቱ የለም፣ እመቤቴ የለም። ከዚያ የእህት ድምፅ ይመጣል፦ «ምን ብለሻት ነው?» ያቺ «ምን ብለሻት ነው» አንቱን ተሸከመችው። ሙሉ በሙሉ አይደለም። አማርኛው ላይ ያለው ቁጣ እንግሊዝኛው ላይ ኩርፊያ ሆኗል። ግን ቆማለች፣ ትራመዳለች።

አንድ ነገር ግን አላስተኛኝ አለ። እናቴ በትክክል ያለችው ያን ነው ወይስ እኔ ዓመታት ስመላለስበት አሳምሬው ነው? «ዝናቡ ራሱ ያበስልልኛል» ትንሽ በጣም ያምራል። ቡናውን ያሳመርኩ ሴት እሱንም አላሳምረውም አይባልም። ከሷ ጋር የነበረችው እህቴ ናት። ጾሙ በተፈታ ማግስት ጠዋት መኪናዬን አስነሥቼ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ሚድልበሪ ወረድኩ። አንድ ካፌ ደጃፍ ቆሜ ደወልኩ። እዚህ ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው፣ ደብረ ማርቆስ ከቀኑ አሥራ አንድ።

«ደህና ነሽ? ምን ሆነሽ ነው በዚህ ሰዓት?» አለች። ከኋላዋ ትልቅ ጩኸት አለ፤ ወፍጮ ቤት ያለች መሰለኝ።

«ምንም አልሆንኩም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። እማዬ መጨረሻ ላይ በስልክ የተጣላችኝ ጊዜ፣ በቆርቆሮው፣ ምን ብላ ነበር?»

«በየቱ ቆርቆሮ?»

«የማድ ቤቱ። ስልኩን ለአንቺ የሰጠችሽ ቀን።»

አሰበች። «እኔ እንጃ። አላስታውስም። እማዬ እኮ በዚያ ቆርቆሮ ያልተጣላችው ሰው የለም። ከኔ ጋር ተጣልታለች፣ ከቄሱ ጋር ተጣልታለች። ምነው፣ ምን ፈልገሽ ነው?»

«እየጻፍኩት ነው።»

«ቆርቆሮውን?»

«እ... አዎ።»

ትንሽ ዝም አለች። ያን ጊዜ ነው ጩኸቱ ወፍጮ እንዳልሆነ የገባኝ። ዝናብ ነው። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የነሐሴ ዝናብ። በመሐሉ ደግሞ ጠብ፣ ጠብ የሚል ሌላ ድምፅ አለ፤ ባልዲ ውስጥ።

«አሁንም ያፈሳል እንዴ?»

«ታዲያ ማን ቀየረው?» አለች፣ ያለ ምንም ቅያሜ፣ ሰዓት እንደሚናገር ሰው።

ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ወረቀት ረቂቁ ብቻ ነው። እሱኑ አወጣሁና ካፌው ደጃፍ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት።

«ስንት ቆርቆሮ ይፈጃል?» አልኳት።

«ቆይ ልቁጠረው» አለችና ስልኩን እንደያዘች ወደ ዝናቡ ወጣች።